የአኩሪ አተር ወተትና የእትዬ አልማዝ ኪኒን

የምሠራው ሲያትል ውስጥ የአጥንት መሳሳትን በሚያጠና ላብራቶሪ ነው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናቶች ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ፣ አኩሪ አተር ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ለአጥንት ይጠቅም እንደሆነ በአይጦች ላይ እየሞከርን ነው አልኳቸው። ከወር በኋላ ከእናቶቹ አንዷ፣ ሲያትል አቅራቢያ ፌደራል ዌይ የሚኖሩት እትዬ አልማዝ ኮል አደረጉልኝ። «ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ። የአጥንቱን ኪኒን ትቼ የአኩሪ አተር ወተት ብቻ ነው የምጠጣው» አሉኝ። ደነገጥኩ። አምና ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። «ማን ተዉት አለዎት?» ስላቸው፣ «አንቺው ነሻ» አሉኝ።

ወዲያው መኪናዬን አስነስቼ ቤታቸው ሄድኩ። «እየሞከርን ነው አልኩ እንጂ መድኃኒት አገኘን አላልኩም። ወተቱን ይጠጡ፤ ኪኒኑን ግን ያለ ሐኪም አይተዉ» አልኳቸው። «ታዲያ ያን ቀን እንዲህ አትይንም ነበር?» አሉኝ። እዚያው ሐኪማቸው ጋ ደውለን ቀጠሮ ያዝን።

በሚቀጥለው እሑድ እናቶቹ ፊት ቆምኩ። ያልተብራራ ነገር ተናግሬ እንደነበር አምኜ፣ «ኪኒን ያቆመ ካለ ይንገረኝ፤ ሐኪሙ ጋ አብሬ እደውላለሁ» አልኩ። ሁለት እናቶች ቀስ ብለው እጃቸውን አወጡ።