ሁለቱን ወንዞች ለየብቻ ላወቀች

የተከበሩ እናቷ፣ ባለቤቷ፣ ልጆቿ፤ ከላይኛውም ከታችኛውም መስኖ ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ ገበሬዎች፤ የመሥሪያ ቤታችን ባልደረቦች፤ ፈጣሪ ሁላችንንም ያጽናን።

እሷ ብትሰማኝ «አሳጥር» ትለኝ ነበር። ችኩሊት ያልናት በከንቱ አይደለም። ሻይዋን ቆማ ነበር የምትጠጣው። ወንበሯ ላይ ከእሷ ይልቅ ቦርሳዋ ይቀመጥ ነበር።

ምን ነበር እንዲህ የሚያስሮጣት?

መስኖአችንን ሁለት ወንዞች ይመግቡታል። እኛ ለሁለቱም አንድ ደንብ ነበረን፤ ተራራው ላይ ሲዘንብ ወንዙን ወደ ቦዩ የሚያስገባውን በር ክፈት። የአንዱ ጎርፍ ቦዩን ይንደዋል። የሌላው ውሃ ሲደርስ የሚቀበለው ቦይ የለም። የታችኞቹ፣ የላይኞቹ ሰረቁን ይላሉ። ማን ሰረቀ? ማንም።

እሷ ካርታ ላይ ተደፍታ ከረመች። ከዚያ ስብሰባ ላይ መዳፏን ዘረጋች። የአንደኛው ተፋሰስ ክብ ነው፤ ገባሮቹ እንደ ጣቶቼ እኩል ይገናኛሉ፤ ጎርፉ ባንዴ ይመጣል አለች። ቀጥላ ክንዷን አሳየችን። ይሄኛው ቀጭንና ረጅም ነው፤ ገባሮቹ ተራ በተራ ይገባሉ፤ ውሃው ይዘገያል፣ ግን አያቋርጥም።

ኃላፊያችን ሐሳቡን ወደደው። ለከርሞ እንየው አለ።

«ዝናቡስ ለከርሞ ይቆየናል?» አለችው።

በይ እንግዲያው፣ ዘንድሮ ሞክሪው አላት።

ተራራው ላይ ዝናቡ ሲጥል የክቡን ወንዝ በር አስዘጋች። እዚያ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ማሳው ተሰነጣጥቋል፣ ውሃው እየተንደረደረ ያልፋል፣ በሩ ግን ዝግ ነው። ሰው ተቆጣ። ከገበሬዎቹ አንዱ አዛውንት፣ ሁላችን አባባ የምንላቸው፣ ይኸው ከፊቴ ቆመዋል፤ «ልጄ፣ በውሃ ጥም ልትጨርሺን ነው?» አሏት።

«አባባ፣ ይሄ ከገባ ቦዩን ይዞት ይሄዳል። ይለፍ። የዚያኛው ወንዝ ውሃ መንገድ ላይ ነው።»

ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ዓይኗ ግን ከረጅሙ ወንዝ በኩል አልተነቀለም፤ አጠገቧ ነበርኩ። ባይመጣስ? ስሌቷ ቢሳሳትስ? ጎርፉ ግንድ እየነዳ አለፈ። ቦዩ ተረፈ። በማግስቱ የረጅሙ ወንዝ ውሃ ቀስ ብሎ ገባ። አባባ ጫማቸውን አውልቀው ቦዩ ውስጥ ቆሙ። እሷስ? ተቀምጣ ተደሰተች? የለም። ገና ስላላጠናነው ሦስተኛ ወንዝ ትጠይቀኝ ጀመር።

ልቧ ደክሞ ሆስፒታል ስትተኛም አልተወችውም። አታናግሯት ተብለን ነበር። በጣቷ አንሶላው ላይ የዚያን ሦስተኛ ወንዝ ቅርጽ ትስላለች። ከላይ ገባሮቹ በየት በኩል እንደሚመጡ ጠየቀችኝ። አላየሁትም አልኳት።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ሂድና እየው።»

ለእኔ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል ይሄ ነው።

እህቴ፣ ሁሉም ሰው እረፊ ይልሻል። እኔ አፌ እሺ አላለኝም። ደመናው እየከበደ ነው፤ ያ ሦስተኛው ወንዝ ክብ ይሁን ረጅም ገና አናውቅም። ከዚህ በቀጥታ ልናየው ወደዚያ ነን። ደህና ሁኚ።