የዋኔዋ ባል

ሰው ሲሳሳት ሰምቼ ማለፍ አይሆንልኝም፤ ሚዛን ተፈሪ የአማርኛ አስተማሪ ሳለሁ ይሄ አመሌ ጉድ ሠርቶኛል። የተፈጥሮ ክበቡንም ደርበው ሰጥተውኝ ስለነበር አእዋፍ ፍለጋ አማን አጠገብ ካለው የአቶ ጳውሎስ ቡና ውስጥ እገባ ነበር። እዚያ ሁለት ዓይነት ዋኔ አገኘሁ፤ አንዷ ደረቷ ነጭ፣ ሌላዋ ግራጫ። ነጯ ብቅ ስትል አቶ ጳውሎስ «መጣ» ይላሉ፤ እኔ «መጣች» ብዬ አርማለሁ። አፋቸውን የፈቱት በቤንችኛ ነዋ! ሁለቱንም ዓይነት ሥዬ ክፍል ውስጥ ለጠፍኩ።

አንድ ቀን አሥር ሰዓት ገደማ አቶ ጳውሎስ የዋኔዋን ጎጆ አሳዩኝ። ነጯ እንቁላል ታቅፋለች።

«ይኸው ተቀምጧል» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ተቀምጣለች ነው የሚባለው፣ አቶ ጳውሎስ።»

«አይ መምህር፣ ተቀምጧል። እሷ ጉሎ ልትለቅም ሄዳለች።»

ሳቄን ዋጥ አደረግኩ። ወንድ እንቁላል ሲታቀፍ ማን አይቷል?

ብዙም ሳይቆይ ግራጫዋ ከጉሎው ሥር ብር ብላ መጣች። ነጩ ተነሣላት፤ እሷ ገብታ ታቀፈች።

«አሁን ተቀምጣለች» አሉ አቶ ጳውሎስ፣ የመጨረሻዋን «ች» ረገጥ አድርገው።

ለካ ሁለት ዓይነት ብዬ የለጠፍኳቸው ባልና ሚስት ኖረዋል! ተናደድኩ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?»

«ነገርኩዎት እንጂ፣ መምህር» አሉኝ ረጋ ብለው። «እርስዎ እያረሙኝ ነው።»