ኬላው ላይ የተከፈተው ፊልም

ከባምባሲ ወደ አሶሳ ስንመጣ ኬላው ላይ ሚኒባሳችን ቆመና ፖሊሱ አስወርዶን ስልኮቻችንን መፈተሽ ጀመረ። የእኔን ሲከፍት ጫካ ውስጥ መሣሪያ የታጠቁ ሰዎች ሲሮጡ የሚያሳይ ቪዲዮ አገኘ። ፊቱ ተለወጠ።

«እነዚህ እነማን ናቸው?»

«ፊልም ነው፣ ጋሼ።»

«ሁሉም የሚለው እንደዚያ ነው። ማን ላከልሽ?»

ፊልሙን ያወረድኩት በነፃ ከሚለቅ ድረ ገጽ ነው። የኮምፒውተር መምህራችን ደግሞ «ባለቤቱ ያልፈቀደውን ፊልም ማውረድ ስርቆት ነው፤ በሕግ ያስጠይቃል» ብለውናል። እውነቱን ብናገር ሌባ ልባል ነው፤ ዝም ብል የታጣቂ ወዳጅ። «ማንም አልላከልኝም፤ ሰርቄ ነው» አልኩ።

«ስልኩን?»

«ኧረ ፊልሙን! ከኢንተርኔት፣ ሳልከፍል።»

ቪዲዮውን ወደ ፊት ገፋ አደረገው። ታጣቂዎቹ ተሰልፈው በሕንድ ዘፈን መጨፈር ሲጀምሩ ትንሽ አየና ስልኬን መለሰልኝ። «ሂጂ፣ ግቢ» አለኝ። ስለ ስርቆቱ አንድ ቃል አልተናገረም።

ወደ መቀመጫዬ ተመለስኩ። ከኋላዬ ተሰልፈው ሲሰሙ የነበሩ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀመጡ፤ ቀና ብለው አዩኝና ቦርሳቸውን ከመሃላችን አንስተው በሌላኛው ጎናቸው አቀፉት።