ከሰሌዳው ያልተነሳው ካርድ

የምስክርነት ቃል መቀበያ

የምስክሯ ስም፦ ጉዳዩ ሕፃን ስለሚመለከት በተለየ ቅጽ ተይዟል
ዕድሜ፦ 23
ሥራ፦ ረዳት መምህርት፣ በልዩ ፍላጎት ክፍል፣ በሙከራ ላይ
አድራሻ፦ ከወላጆቿ ጋር፣ ከትምህርት ቤቱ ሁለት ፌርማታ አለፍ ብሎ
ቃል የተሰጠበት ጊዜ፦ ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡20 ሰዓት ጀምሮ

እኔ ዕድሜዬና ሥራዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር ወደ ጣቢያው የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ነው። ቃሌን የምሰጠው ትናንት ማክሰኞ የዘጠኝ ዓመት ተማሪያችን ብቻዋን ከትምህርት ቤት ስለወጣችበት ሁኔታ ነው። በዚህ ምክንያት የተያዙት የበር ዘበኛ ጥፋት እንደሌለባቸው አውቃለሁ። የማውቅበትን ምክንያት እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

ከዩኒቨርሲቲ በሥነ ልቦና ተመርቄ ስምንት ወር ያለ ሥራ ቤት ተቀምጫለሁ። አባቴ በየጠዋቱ ከጋዜጣ ላይ የሥራ ማስታወቂያ በቀይ እስክሪብቶ እያከበበ ከቁርሴ አጠገብ ያኖርልኝ ነበር። ይህን ሥራ ያገኘሁት ከእነዚያ ክቦች በአንዱ ነው። አሁን ዘጠነኛ ሳምንቴ ሲሆን የስልሳ ቀን የሙከራ ጊዜዬ የሚያበቃው የፊታችን ዓርብ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ለክፍሉ ዋና መምህርት ስለ ሕፃናት ባሕርይ በዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን በሰፊው አስረድቻቸዋለሁ። እሳቸው በዚህ ሥራ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይተዋል። እስክጨርስ ጠብቀው «ለቀባሪው አረዱት አሉ» ካሉ በኋላ መወልወያ ሰጡኝ። አንድ ልጅ ወለሉ ላይ ውሃ ደፍቶ ነበር።

ዘበኛውን ሁላችንም «ጋሼ ይፈረም» እንላቸዋለን፤ ዳይሬክተሩም ቢሆኑ መዝገባቸው ላይ ሳይፈርሙ ከበሩ አይወጡም። በመጀመሪያው ቀን እኔ አንድ ጊዜ ጠምዘዝ አድርጌ ስፈርም መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። «የተማረ ይግደለኝ። ይሄ ፊርማ ነው ወይስ እስክሪብቶ ስትሞክሪ ነው? ነገር ቢመጣ ማን ነበረች ሊባል ነው? ስምሽን ሙሉውን ጻፊው፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን በሙሉ እጽፋለሁ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ነው የቀራቸው።

የተመደብኩት ለአንዲት ልጅ ነው። ልጅቷ አትናገርም። ዘበኛው «እሜቴ» የሚል ስም አውጥተውላታል፤ በበሩ ስታልፍ አንገቷን ቀና አድርጋ ማንንም ዞር ብላ ስለማታይ ነው። ቀኗን የምታውቀው በሥዕል ካርድ ነው። ጠዋት የዕለቱን ካርዶች በቅደም ተከተል ሰሌዳዋ ላይ እለጥፋለሁ፤ አንዱ ሥራ ሲያልቅ ካርዱን ራሷ ነቅላ ኪስ ውስጥ ትከታለች። ያልተለጠፈ ነገር ለእሷ የለም፤ የተለጠፈ ደግሞ የግድ ይሆናል። ዋና መምህርቷ ገና በመጀመሪያው ቀን «የለጠፍሽውን ታደርጊያለሽ፤ የማታደርጊውን አትለጥፊም። እዚህ ክፍል ሌላ ሕግ የለንም» ብለውኛል።

ዘወትር ማክሰኞ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት እኔና እሷ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ወደሚገኘው የሕዝብ መዋኛ ገንዳ እንሄዳለን። ልጅቷ አንዴ መንገድ ከጀመረች አትቆምም፤ በር ላይ ካቆሟት እጇን ትነክሳለች። ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት ዘበኛውን ለምኜ አንድ ነገር ተስማማን። እሷ ቀድማ ስትደርስ የገንዳውን ካርድ ትሰጣቸዋለች፤ እሳቸው መዝገቡ ላይ ሰዓቱን ጽፈው «ከረዳቷ ጋር» ብለው ይሞላሉ፤ እኔ ፎጣና ቦርሳ ይዤ ከኋላ እደርሳለሁ፣ የምፈርመውም ስመለስ ነው። «ለእሜቴ ሲባል ነው እንጂ ለአንቺስ አላደርገውም» ብለውኛል። ይህን ስምምነት ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ትናንት ማክሰኞ ጠዋት 2፡30 ሰዓት ላይ ዋና መምህርቷ ገንዳው ለጽዳት መዘጋቱን ነገሩኝ። «ካርዱን አንሺ፣ በቦታው ሙዚቃውን ለጥፊ። ትጮኻለች፤ ትጩህ፣ አብረሻት ቁጭ በይ» አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ። ይሁን እንጂ በዚያው ቀን 4፡00 ሰዓት ላይ ዳይሬክተሩ ለሙከራ ጊዜዬ ግምገማ ወደ ክፍል እንደሚገቡ አውቅ ነበር። የገንዳው ካርድ ሰሌዳው ላይ ካለ ልጅቷ ድምፅ ሳታሰማ እንደምትሠራም አውቅ ነበር። ካርዱን አላነሳሁም። ሲወጡ አነሳዋለሁ ብዬ ነው። ረስቼው አይደለም፤ ሆን ብዬ ነው የተውኩት።

ዳይሬክተሩ አርባ ደቂቃ ያህል ቆዩ። ልጅቷ አንድ ሳህን ሙሉ የልብስ ቁልፍ በየቀለሙ ለየች፤ በየመሃሉ ቀና እያለች ሰሌዳዋን ታይ ነበር። ዳይሬክተሩ ቅጹ ላይ «በጣም ጥሩ» ብለው ሲጽፉ ከፊት ለፊት ተገልብጦ አነበብኩት። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ከዚያ በኋላ ካርዱን ለማንሳት ድፍረት አጣሁ። ከምሳ በፊት አነሳዋለሁ አልኩ፣ ከምሳ በኋላ አልኩ፣ ሰዓቱ እንዲሁ ሄደ።

ከቀኑ 7፡50 ሰዓት ገደማ አንድ ልጅ ልብሱን ስላረጠበ ወደ መታጠቢያ ቤት ወሰድኩት። ዋና መምህርቷ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ከሌሎቹ አራት ልጆች ጋር ምንጣፍ ላይ ነበሩ። ካርዱ የተነሳ ስለመሰላቸው በሩን የሚጠብቁበት ምክንያት አልነበራቸውም። 8፡10 ሰዓት ላይ ስመለስ የልጅቷ ወንበር ባዶ ነው። የመዋኛ ቦርሳዋ ከመስቀያው ተነስቷል፤ ሰሌዳው ላይም የገንዳው ካርድ የለም። ወዴት እንደሄደች ወዲያውኑ ገባኝ። በሩ ላይ ስደርስ ጠረጴዛ የጫነ መኪና እየገባ ነበር፤ ዘበኛው ትልቁን በር ይዘው ሾፌሩን ይመሩታል። ሲያዩኝ «ዛሬስ ዘገየሽ፣ እሜቴ አልፋለች፣ ድረሺባት» አሉኝ። እንደ ወትሮው ከኋላዋ ያለሁ መስሏቸው ነበር። ገንዳው መዘጋቱን የነገራቸው ሰው አልነበረም። ሮጥኩ።

ልጅቷን ያገኘኋት 8፡20 ሰዓት ላይ በተዘጋው የገንዳ በር ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። የመዋኛ ቆቧን አድርጋለች። ጫማዋን አውልቃ ጎን ለጎን አሰልፋዋለች። ጉዳት አልደረሰባትም። ስታየኝ እጇን ወደ በሩ ዘረጋች። እኔ ግን የማሳያት ካርድ አልያዝኩም። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ስንመለስ እናቷ ከትምህርት ቤቱ ተደውሎላቸው ግቢ ውስጥ ቆመው ነበር። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከሥራ በቀጥታ ስለመጡ ሜትሩ አንገታቸው ላይ ነበር። ልጃቸውን ከራስ እስከ እግሯ ፈትሸው ሲጨርሱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። «ካርዱን ማን ለጠፈው?» ዳይሬክተሩ ከእኔ ቀድመው ልጅቷ ራሷ ለጥፋው ሊሆን ይችላል አሉ። እናትየው «ልጄ ያልሰጧትን ካርድ አትነካም» አሉና እኔን አዩኝ። ጎንበስ ብዬ የልጅቷን ጫማ ማሰር ጀመርኩ።

በኋላ ዳይሬክተሩ ቢሯቸው ጠርተው «አንቺ ገና ጀማሪ ነሽ፣ ስምሽ እዚህ ነገር ውስጥ ባይገባ ይሻላል። ዘበኛው እንደሆኑ ጡረታ መውጫቸው ደርሷል» ብለውኛል። አመሻሹ ላይ ፖሊስ መዝገቡን ሲያይ «ከረዳቷ ጋር» የሚል ጽሑፍ አገኘ፤ ፊርማ ግን የለም። ሐሰት ጽፈዋል ተብለው ዘበኛው ተወሰዱ። እሳቸው «ጽሑፉ የእኔ ነው» ከማለት በቀር እኔን አላነሱም። ይህን ያሉት እኔ እዚያው ቆሜ እየሰማሁ ነው።

ዛሬ ረቡዕ ልጅቷ እንደ ወትሮዋ መጣች። 2፡30 ሰዓት ላይ ሰሌዳዋን አዘጋጀሁ፤ አምስት ካርድ ለጠፍኩ፣ አምስቱም እውነት ናቸው። አየቻቸው። ከዚያ አንድ በአንድ ነቅላ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ኮቷን ለብሳ፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጠች። በምሳ ሰዓት ለዋና መምህርቷ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ሂጂና ለሚጽፈው ንገሪ» አሉኝ፤ ቦርሳዬን አቀብለውኝ መጣሁ።

ወደዚህ ክፍል ስገባ ዘበኛውን ኮሪደሩ ላይ አግኝቻቸዋለሁ። መርማሪው ባለበት ከመነጋገር በቀር ሌላ ነገር አላደረግንም። ያሉኝ «እሜቴ ደህና ናት?» ብቻ ነው። እኔ ለምን እንደመጣሁ አልጠየቁኝም።

ጉዳዩ ሥራዬን ሊያሳጣኝ እንደሚችል መርማሪው አስገንዝበውኝ ተረድቻለሁ። ለፖሊስ የቀረበው አቤቱታ ሲነበብልኝ ግን አንድ ነገር እንዲስተካከል ጠይቄአለሁ። በአቤቱታው ላይ ልጅቷ «ጠፍታ ተገኘች» ተብሏል። ልጅቷ አልጠፋችም። በሰዓቷ፣ በመንገዷ፣ ወደተነገራት ቦታ ሄዳለች። እንሄዳለን ብዬ የዋሸኋት እኔ ነኝ። እሷ ውሸት ምን እንደሆነ አታውቅም ነበር፤ ከእኔ ተማረችው።

ከዚህ በላይ ያለው ቃል የእኔ ነው፤ ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አልመከረኝም። ተነብቦልኝ ትክክል መሆኑን አረጋግጫለሁ። ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እጠየቃለሁ።

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ (ፊርማ)
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ 10፡05

የምስክሯ ፊርማ፦ አጭር ፊርማ እንደሚበቃ ተነግሯታል። ምስክሯ ግን ስሟን በሙሉ ጽፋለች።