ሥራ ያጣው ፓምፕ

እኛ ተፍኪ አካባቢ ክረምት ሲገባ ሜዳው ሐይቅ ስለሚሆን የምንሻገረው በጀልባ ነው። የእኔ ጀልባ ደግሞ ውሃ ታስገባለች። ገላን ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪክ የምትሠራው ልጄ ጫልቱ፣ ወገቤን እንደሚያመኝ አይታ ፓምፕ ገጠመችልኝ። «አባባ፣ ውሃው ከፍ ሲል ይህች ተንሳፋፊ ትነሣና ፓምፑ ራሱ ይሠራል፤ እርስዎ ምንም አይንኩ» አለችኝ። በሳምንቱ ስትደውል «አንድ ቀን እንኳ አልሠራም» አልኳት።

እሁድ መጣች። ሽቦውን ሁሉ ፈትታ እንደገና አሰረች፤ ባትሪውንም ለካች። ጥፋት አጣችበት። ለእኔ የሠራችልኝ የመጀመሪያ ነገር ነውና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ድንገት ቀና ብላ «አባባ፣ ጀልባዋ ደረቅ ናት። ውሃውን ማን ጨለፈው?» አለችኝ።

«እኔ ነኛ! ሁልጊዜ በማለዳ እጨልፋለሁ።»

«ታዲያ ፓምፑ ምኑን ያውጣ? ሥራውን ቀምተውት!»

የምጨልፍበትን ጣሳ ነጠቀችኝ። ጎን ለጎን ተቀምጠን ውሃው ሲገባ ስናይ፣ እጄ ዝም ብሎ መቀመጥ አቃተው። ቁርጭምጭሚታችን ሊደርስ ሲል ፓምፑ ጉርርር ብሎ ተነሣና ውሃውን ወደ ውጭ ይተፋው ጀመር። እሷ ግን ፓምፑን ትታ እኔን ታያለች።

«ጎበዝ» አልኳት።

«ምን አሉ፣ አባባ?»

ሰምታኛለች። ቢሆንም ደገምኩላት።