ምዕራፍ ስምንት ላይ ያለው ሮኬት

(ቦታው የመማሪያ መጻሕፍት የሚገመገሙበት ቢሮ፣ ጊዜው ረፋድ፤ ጡረተኛው መምህር ዘርይሁን የጻፉት የፊዚክስ መጽሐፍ ዛሬ ማተሚያ ቤት መግባት አለበት፤ የቀረው የገምጋሚዋ፣ የቀድሞ ተማሪያቸው የአዝመራ ፊርማ ብቻ ነው።)

ዘርይሁን፦ ፈርሚልኝና ልሂድ እንጂ። ስድስት ሰዓት ሲል መዝገቡን ይዘጉታል፤ ከዚያ ወዲያ ለከርሞ ና ነው የሚሉኝ።

አዝመራ፦ አውቃለሁ ቲቸር። ምዕራፍ ስምንት ግን እንዲህ ሆኖ አይወጣም።

ዘርይሁን፦ ምን ሆነ ደግሞ ምዕራፍ ስምንት?

አዝመራ፦ አንድ ኪሎ ዕቃ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በመሬት ዙሪያ ምህዋር ለማስገባት ስንት ጉልበት ይፈጃል ብለው ጠየቁ። አራት ሚሊዮን ጁል ግድም ብለው መለሱ።

ዘርይሁን፦ ታዲያስ? ክብደቱ አለ፣ ስበቱ አለ፣ ከፍታው አለ። አባዢው።

አዝመራ፦ ያ ማንሻው ብቻ ነው። እዚያ አድርሰው ቢለቁት ተመልሶ እላያችን ላይ ይወርዳል። እንዳይወርድ ወደ ጎን መሮጥ አለበት፤ በሴኮንድ ወደ ስምንት ኪሎ ሜትር። ለሩጫው ሌላ ሃያ ዘጠኝ ሚሊዮን ይጨመራል። ትልቁን ትተው ትንሹን ነው የጻፉት።

ዘርይሁን፦ አሥራ አምስት ዓመት ያስተማርኩት ነው። ልጆቹም አልፈውበታል።

አዝመራ፦ ፈተናውን የሚያወጡት እርስዎ፣ የሚያርሙት እርስዎ። እንዴት አያልፉ?

ዘርይሁን፦ አፍሽ እንደ ድሮው ነው። ስሚ፣ ማንም ሮኬት ሊሠራበት አይደለም። ልጆች ስሌት ይለማመዱበት ነው። አሁን ከተነካ እንደ አዲስ ይገመገማል፣ ቀኑም ያልፋል፤ በሚቀጥለው እትም ይታረማል።

አዝመራ፦ አንዴ ልጅ እጅ ከገባ ማን ሰብስቦ ያርመዋል?

ዘርይሁን፦ አዝመራ፣ ሐኪሙ ያለኝን ሰምተሻል። ይህ ልብ ለከርሞ ያደርሰኛል ብዬ አላስብም። ስሜ ያለበትን መጽሐፍ አንድ ቀን በእጄ ይዤ ልየው ነው ያልኩት። ይህን ትከለክይኛለሽ?

አዝመራ፦ ቀላል መሰለዎት? ይኸው ሦስት ቀኔ፣ እስክሪብቶ አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ።

ዘርይሁን፦ እንግዲያው እኔም ሁሉንም ልንገርሽ። እኔ የኬሚስትሪ ሰው ነኝ። የፊዚክስ መምህር ጠፋ፣ ለሁለት ወር ሸፍን አሉኝ፣ በዚያው ቀረሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ህንዳዊ መምህር ትቶት በሄደው ኖት ነበር የማስተምረው። እናንተን ባስተማርኩ በዓመቱ ኖቱ ጠፋብኝ። ከዚያ ወዲህ ያስተማርኩት ስትጨርሺ ትተሽልኝ በሄድሽው ደብተርሽ ነው። ምዕራፍ ስምንትም ከእሱ ነው የተገለበጠው።

አዝመራ፦ ረቂቁን ሳነብ አውቄዋለሁ።

ዘርይሁን፦ ካወቅሽማ የምትጥይው የራስሽን ደብተር ነዋ።

አዝመራ፦ እሱን ልነግርዎ ነው አፌ አልፈታ ያለኝ። የጠመኔው ብናኝ ያስልዎ ስለነበር ኖቱን ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ ክፍሉ በሙሉ የሚገለብጠው ከእኔ ነው። ያን ቀን ሰሌዳው ሞላ፣ ደወሉም ተደወለ። አራት መስመር ቀርቶ ነበር፣ ስለ ሩጫው የሚያወራው። ዘለልኩት። ደብተሬ ላይም አልጻፍኩትም።

ዘርይሁን፦ ለምን አልነገርሽኝም?

አዝመራ፦ ያኔ መስመር የዘለልኩ እንጂ ሮኬት የጣልኩ አልመሰለኝማ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ይኸው ጥያቄ መጣ። አራት ሚሊዮን ብዬ ጻፍኩ። ተሳስተሻል ሲሉኝ፣ መምህር ዘርይሁን ናቸው ያስተማሩን ብዬ ድርቅ አልኩ። ክፍሉ በሙሉ በስምዎ ሳቀ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው። ዛሬ እጽፍላቸዋለሁ፣ ነገ እጽፍላቸዋለሁ ስል ይኸው ሃያ ምናምን ዓመት አለፈ። አሁን ደግሞ ፈርሜ አገር ሁሉ እንዲስቅብዎ አላደርግም። ከፈለጉ፣ ስህተቱ የእኔ ነው ብዬ ለማተሚያ ቤቱ ደብዳቤ እጽፋለሁ።

ዘርይሁን፦ ደብዳቤውን ተይው።

አዝመራ፦ ይቆጡኝ እንጂ ቲቸር። እንዲህ ሲሉኝ ይብስብኛል።

ዘርይሁን፦ ምን ብዬ ልቆጣሽ? አንቺ አራት መስመር ዘለልሽ። እኔ ያንኑ ጡረታ እስክወጣ አስተማርኩት፣ ከዚያም ቁጭ ብዬ መጽሐፍ ጻፍኩበት፤ እዚያ ላይ የወጣው ነገር ለምን አይወድቅም ብዬ አንድ ቀን ራሴን አልጠየቅኩም። በይ፣ ገጹን ወዲህ በዪው፤ ላርመው። ዘንድሮ ካልደረሰ ለከርሞ ይታተማል፤ እኔ ባልኖር አንቺ ታዪዋለሽ።