ያልወደዱትን ቅንብር ያስከበሩት ፓኒ ሌኦካዲያ

ወዳጆቼ፣ ሹካውን ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጡልኝ። በድንች የተሞላው ፒየሮጊ የትም አይሸሽም።

ዛሬ የምንሸኛቸው ወይዘሮ፣ ፓኒ ሌኦካዲያ፣ ኦርጋን ሊጫወቱ ወደዚህ ሰበካ የመጡ ቀን እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር። የዚያን ቀን ታሪክ ግን ከሳን ወንዝ ወዲህም ወዲያም የማያውቅ የለም። የኦርጋኑ ትልቁ ቧንቧ ድምፅ አልሰጥ ካለ ዓመታት አልፈውት ነበር። የዚያን ጊዜው ቄስ፣ "ተይው ልጄ፣ ታሞብን ነው፤ እሱን እየዘለልን ነው የምንዘምረው" አሏቸው። ፓኒ ሌኦካዲያ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ በቧንቧው አፍ ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ከተው ጎረጎሩና በግማሽ የተሞላ የቮድካ ጠርሙስ ይዘው ወጡ። የቀድሞው ኦርጋን ተጫዋች ለክፉ ቀን ያስቀመጡት ነበር።

"አባ፣ ታሞ አይደለም" አሉ፤ "ሰክሮ ነው።"

ምን አሉ ፓኒ ሌኦካዲያ? ግማሽ ሳይሆን ሩብ ነበር? እሺ፣ ሩብ ይሁን።

እኔ ደግሞ ከክራኮቭ የሙዚቃ ዲግሪዬን ይዤ የመጣሁ ሰሞን፣ በዚያ ጠባብ ደረጃ ድራም አሸክሜ ኦርጋኑ ወዳለበት ሰገነት አስወጣሁ። ከላይ ሆነው ጠበቁኝ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ድራም ነው፣ ፓኒ ሌኦካዲያ።"

"ድራም መሆኑንማ አያለሁ። በጾም ማን ሊያገባ ነው?"

አብሬያቸው መሥራት ስጀምር ጠባያቸውን አወቅሁ። የኦርጋኑን ፔዳል በጫማ አይረግጡም፤ በወፍራም የሱፍ ካልሲ ነው። ስብከት ሲጀመር ከቦርሳቸው በጨው የተዘፈዘፈ ኪያር ያወጣሉ። ማይክሮፎኑን መዝጋት ግን አንድም ቀን ትዝ ብሏቸው አያውቅም። ከታች ስለ ገሃነም ይሰበካል፤ ከላይ "ቀርጨም፣ ቀርጨም" ይሰማል። "ዛሬስ አልጨርስ አሉ" የሚለውንም ሁላችንም ሰምተናል፤ ሰባኪውም ጭምር።

ያቀናበርኩት ጥንታዊውን የጾም መዝሙር ነበር። ዜማውን አልነካሁም። ከሥሩ ቤዝ ጊታርና ድራም፣ ከላዩ ሳክስፎን ጨመርኩበት። ሦስተኛው አንጓ ላይ መሣሪያው ሁሉ ጸጥ ይላል፤ ሳክስፎኑ አንድ መስመር ብቻውን ይጫወታል፤ ከዚያ ሕዝቡ ያለ መሣሪያ ይዘምራል። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምር ነበር! ለካ በእኛ ሰበካ በጾም አርብ ኦርጋን ጸጥ ሲል ሰው ይንበረከካል፤ ሌላ ትርጉም የለውም። መሣሪያው ዝም እንዳለ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ዱብ! አለ። ሳክስፎን ተጫዋቻችን ኢግናትስ ደንግጦ እሱም ተንበርክኮ ተጫወተ። ፓኒ ሌኦካዲያ ኦርጋኑን ታቅፈው በሳቅ እንባቸው እየወረደ፣ "ልጄ፣ ለሳክስፎን የተሰገደው በዓለም ላይ እዚህ ብቻ ነው!" አሉኝ።

አልተውኩትም። በሚቀጥለው ዓመት ግማሹ ተንበረከከ፣ ግማሹ ዘመረ። በሦስተኛው ዓመት ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ ጣሪያው እስኪርገበገብ ዘመረ። እኔ ወደ ፓኒ ሌኦካዲያ ዞርኩ።

"አሁንስ?"

"አሁንም አልወደውም። ድራሙ ኩላሊቴን ነው የሚመታኝ።"

እስቲ አሁን ሳቁን እናቁም። ያን ዓመት የሀገረ ስብከቱ የሙዚቃ ኮሚሽን ሰብሳቢ አባ ሴቨሪን መጥተው ሰሙን። አዎ፣ እዚያ መስኮቱ አጠገብ የተቀመጡት። እንኳን መጡ አባ፤ ኬኩን ይብሉ። "ለእግዚአብሔር ቤት አይመጥንም" ብለው ከለከሉን፤ ኖታውንም "እንመረምረዋለን" ብለው ወሰዱት። በዓመቱ በካቴድራሉ ኢዮቤልዩ ላይ ያው ቅንብር ቀረበ። ሳክስፎኑ ክላርኔት ሆኗል፤ የቀረው፣ ያ ጸጥታ ሳይቀር፣ የእኔ ነው። አስተዋዋቂው፣ "ቅንብር፣ አባ ሴቨሪን" ሲል ምሰሶ ሥር ቆሜ ነበር።

ኦርጋን እንዲጫወቱ የተጋበዙት ፓኒ ሌኦካዲያ ነበሩ። መጀመር ነበረባቸው፤ አልጀመሩም። ሰው ማሳል ጀመረ። ጳጳሱ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ከላይ፣ በማይክሮፎኑ፦

"የተነበበው ስም ስህተት ነው።"

አባ ሴቨሪን ከታች አንጋጠው፣ "ይጀምሩ እባክዎ! በኋላ ይታረማል" አሉ።

"በኋላ ማን ሊሰማው? ሕዝቡ ያለው አሁን ነው።"

"ይህን ያህል የሚሟገቱት ቅንብሩን ቢወዱት ነው?"

"ኧረ እኔ አልወደውም! ግን የካሊና ነው። ያቻት፣ ምሰሶው ሥር ቆማለች።"

ሕዝቡ ሳቀ፤ ጳጳሱም ሳቁ። አስተዋዋቂው ስሜን ጠራ። ፓኒ ሌኦካዲያ መጫወት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ እንደዚያ ቀን አሳምረው ሲጫወቱም ሰምቼ አላውቅም።

ብዙም ሳይቆይ ኮሚሽኑ ስለ ፓኒ ሌኦካዲያ ዕረፍት አጥብቆ ማሰብ ጀመረ። "ደክመዋል፣ ይረፉ" ተባለ። ይህን ኬክ የምንበላው ለዚህ ነው፤ ሁላችንም እናውቃለን፤ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ይናገረው ብዬ ነው።

ማክሰኞ ደግሞ አባ ሴቨሪን ጠሩኝ። "የኦርጋኑን ወንበር አንቺ ትወርሻለሽ፤ ቅንብሩ ግን በአዲሱ የመዝሙር መጽሐፍ በኮሚሽኑ ስም ይወጣል፤ ነገሩን ከእንግዲህ አታንሺው። አስቢበት" አሉኝ። አሰብኩበት፤ መልሴን በሁላችሁም ፊት ልስጥ። አባ፣ ያን ወንበር እፈልገዋለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የተመኘሁት ነው። በዝምታዬ ግን አልገዛውም። ቅንብሩ በስሜ ይታተማል፤ አለዚያ አይታተምም። ወንበሩን ለሌላ ሰው ይስጡት።

ምን አሉ ፓኒ ሌኦካዲያ? "ይቅርብሽ፣ ጀርባ ያሳምማል"? እያለቀሱ ነው እንዴ የሚቀልዱት?

እኔኮ የተነሳሁት ላመሰግንዎት ነው። ሥራዬን ወደው የደገፉኝ ሰዎች አሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። እርስዎ ግን ጆሮዎ እየጠላው የእኔን ለእኔ አስመለሱልኝ፤ ወንበርዎንም ከፈሉበት። ይህን ያደረገልኝ ሌላ ሰው የለም።

እሑድ ጠዋት እስኪበቃዎት ይተኙ። ጉልበትዎ ይጽና፣ የጓሮዎ እንጆሪ ይብዛ፣ የልጅ ልጆችዎ አይራቁብዎት። አርብ እኛ፣ ውስጥ ስለተከለከልን፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ፣ ከነድራሙ፣ በስሜ እንዘምራለን። ከፊት ቦታ ይዤልዎታለሁ። ካስጠላዎት እዚያው ይንገሩኝ።

በሉ እንግዲህ፣ የቼሪ አረቄውን ያዙና ሁላችሁም ተነሱ። አባ ሴቨሪን፣ እርስዎም ይነሱ እንጂ፤ ብርጭቆዎ ባዶ ከሆነ እኔ እቀዳልዎታለሁ። ይኸው።

ለፓኒ ሌኦካዲያ ጤናና ዕድሜ!